የማይወገዱት ማሽኖች

በእጅ የማይዳሰስ ኮምፒውተር የንብረት መለያ ቁጥር ሲሰጠው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። እዚሁ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ፣ በምሠራበት የመስኖ ተጠቃሚዎች ማህበር ቢሮ።

ያለን አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ነው። ውስጡ ስድስት ቨርቹዋል ማሽኖች ነበሩ፤ በፕሮግራም የተፈጠሩ፣ የአንዱን ዲስክ ቦታ ተከፋፍለው የሚኖሩ ኮምፒውተሮች ማለት ነው። የሚሠራው አንዱ ብቻ ነው፤ የላንቴ ገበሬዎችን የውሃ ተራ የሚያወጣው። አምስቱን አንድ ፕሮጀክት ለሥልጠና ፈጥሯቸው ሄደ። ከተዘጉ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ቦታውን ግን አልለቀቁም። የርክክብ ሰነዱ ላይ «ኮምፒውተር፣ አምስት» ስለሚል የንብረት ኃላፊው አቶ ሸዋንዳኝ ቁጥር ሰጥተው መዘገቧቸው። ተለጣፊውን የሚለጥፉበት ቢያጡ አምስቱንም በትልቁ ኮምፒውተር ሳጥን ጎን ደረደሩት።

ሰኞ ዲስኩ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ቢሯቸው ገባሁ።

«ጋሽ ሸዋንዳኝ፣ አምስቱን ልሰርዛቸው። አለዚያ የተራው ማሽን ይቆማል።»

«ንብረት ይሰረዛል እንዴ ዕድላዊት? በአስወጋጅ ኮሚቴ ነው የሚወገደው።»

«ፋይል እኮ ናቸው!»

«ፋይል ከሆኑማ እኔ ምን ብዬ ፈረምኩ?»

«እሺ፣ ሌላ ዲስክ ላይ ላዛውራቸው።»

«ያለ ዝውውር ቅጽ?» ሳቁብኝ። «እናንተ የተማራችሁት ጉድ ናችሁ!»

ከኮሚቴው ሦስት አባላት ሁለቱ ሶዶ ሥልጠና ላይ ነበሩ። ማክሰኞ ዲስኩ ሞላ፤ ማሽኑ ቆመ። የረቡዕን ተራ በእጄ ጽፌ ማህተሙን የያዙትን ጋሽ ሸዋንዳኝን ብጠይቅ፣ «ሲስተሙ ያላወጣውን አልመታም» አሉኝ። ማህተም የሌለው ዝርዝር ደግሞ የቦዩን በር አያስከፍትም።

ረቡዕ የልክነሽ ተራ ነበር። ላንቴ ላይ ሦስት ሳምንት የሆነው የሙዝ ችግኝ አላት፤ ሌላ መተዳደሪያ የላትም። ሐሙስ ጠዋት ቢሮ መጣች።

«ልጄ፣ ስሜን ፋቃችሁት?»

«አልተፋቀም። ቦታ ጠቦ ነው።»

«የት ነው የጠበበው? አሳይኝ።»

አሳየኋት። ተለጣፊዎቹን አንድ በአንድ በጣቷ ነካካች።

«እነዚህ ውሃ ይጠጣሉ?»

እሷ ቆማ እያየች አምስቱንም ሰረዝኳቸው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ማሽኑ ተነሣ፤ የልክነሽ ቀን ግን አልፏል፣ የሚቀጥለው ተራዋ ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ነው። በዚያ ፀሐይ ችግኙ ከግማሽ በላይ ደረቀ።

ለምን ማክሰኞ አልሰረዝሽም ብትሉኝ፣ ፈራሁ። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ የትም ቆሜ እናገረዋለሁ።

ትናንት ደብዳቤ ደረሰኝ፤ «አምስት ኮምፒውተሮችን በማጥፋት» ከሥራ ታግጃለሁ። ስለ ደረቀው ሙዝ አንድ መስመር የለበትም። እንግዲህ ጋሽ ሸዋንዳኝ፣ ቅዳሜ ላንቴ ላይ ጠቅላላ ጉባኤ አለ። ደብዳቤ አይጻፉልኝ። ማይክሮፎኑን ይያዙና ልክነሽ ፊት ቆመው፣ ገበሬው ሁሉ እየሰማ ይመልሱ፤ ውሃዋን የከለከሏት ለየትኛው ንብረት ብለው ነው?