ሳይታጠብ የሄደው ዓሣ

ባሕሩ ዳር ያለው የኒውክሌር ማመንጫ ከፈነዳ ወዲህ፣ እዚህ ፉኩሺማ ወንዛችን ለአጥማጅ ዝግ ነው። በየክረምቱ አዩ የምንለው ዓሣ ተይዞ ለላቦራቶሪ ይላካል፤ ጨረሩ ከተፈቀደው በታች ከሆነ ወንዙ ይከፈታል። የአጥማጆች ማኅበር ሊቀመንበሩ ጎረቤቴ ጋሽ ቶኩጂ፣ ሳይሞት አንድ ክረምት ማጥመድ ነው ምኞቱ። ሽበቱን ሁሉ በማመንጫው ያሳብባል፤ ከፍንዳታው በፊትም ሽማግሌ እንደነበር ግን ሰፈሩ ያውቃል።

ዘንድሮ ውጤቱ ንጹሕ መጣ። ጋሽ ቶኩጂ እሑድ ወንዙን ሊከፍት ነውና ቅዳሜ ጎረቤቱን ሁሉ ግቢው ለቅምሻ ጠራ። በማለዳ የተያዘው አዩ እንደ ደንባችን ከነሆድ ዕቃው እንጨት ላይ ተሰክቶ ከሰል ላይ ተጠበሰ። አንጀቱን አውጥቶ የሚበላውን እንደ ሕፃን ነው የምናየው፤ ጣዕሙ ያለው እዚያ ምሬት ውስጥ ነው። ከድንጋይ ላይ የጋጠው አረንጓዴ ዝልግልግም ከነጭቃው ያለው እዚያው ነው።

ከሆዱ በኩል ገመጥኩና፣ ለላቦራቶሪው ዓሣ የምታዘጋጀዋን የጋሽ ቶኩጂን ሚስት፣ እትዬ ሚትሱኤን፣ ወንዙን ያጸዳሽው አንቺ ነሽ ብዬ ቀለድኩባት።

ደስ አላት። «ሆዳቸውን ቀድጄ፣ ደጋግሜ አጥቤ ነው የላክኋቸው። ለተማረ ሰው ጭቃ የሞላ አንጀት ይላካል እንዴ?»

አፌ ውስጥ ያለው ምሬት ዝቃጭ ሆነብኝ፤ ጥርሴ ላይ አሸዋ ሲንቀጫቀጭ ተሰማኝ። መዳፌ ላይ ተፋሁት። ጥቁር አረንጓዴ፣ ሞቅ ያለ፣ የሚያሟልጭ ነገር።

«ጋሼ፣ የተለካው ሌላ፣ የምንበላው ሌላ» አልኩት። «ጨረሩ የሚከማቸው ጭቃው ውስጥ ነው፤ ከነአንጀቱ ይለካና ትከፍታለህ።»

አገጩ በዓሣ ቅባት ወዝቶ ነበር። ወረቀቱ ንጹሕ ነው ይላል፣ አለ። ለሚመጣው ዓመትም ሚትሱኤ እንዲሁ ታጥብልናለች፣ አለና ሁላችንም እያየን የቀረውን አንጀት በድምፅ መጠጠው።

ይሄን ሰው ለዓመታት ጎረቤቴ ብዬ ኖሬአለሁ። ሳየው አስጠላኝ።

ተነሥቼ ያልተጠበሱትን ዓሦች ፌስታል ውስጥ ከተትኩ።

«ወዴት ነሽ?» አለ ጋሽ ቶኩጂ።

«ላቦራቶሪ። ሳይታጠቡ።»

«ነገ እኮ እሑድ ነው» አለ፤ ድምፁ እንደ ልመና ነበር።

ፌስታሉን አንጠልጥዬ ሄድኩ። በሩ ላይ እትዬ ሚትሱኤ ከነሽርጧ ደረሰችብኝ፤ ፊቷ ቲማቲም መስሏል። ከማቀዝቀዣ ያወጣቻቸውን ሌሎች ያልታጠቡ ዓሦች ፌስታሉ ውስጥ ጨመረችልኝ።

«ያንቺ ለመለኪያው አይበቃም» አለች።