ከውስጥ የተለካ መስታወት

"ይለፉ እንጂ አባቴ፣ ይለፉ!" ሰሎሜ በግራ እጇ መሪውን እንደያዘች በቀኟ ለባለጋሪው ምልክት ሰጠች።

ጋሪው ንቅንቅ አልል አለ። የጊንጪ ገበያ ተበትኖ አህያውም፣ ባጃጁም፣ ሰውም ተግተልትሎ ወደ አስፋልቱ የሚወጣበት ሰዓት ነበር። ፀሐይ ወደ አምቦ በኩል ዘቅዝቃለች።

በዚህ አካባቢ ቅድሚያ የሚሰጠው በእጅ ነው። ሹፌሩ እጁን ወዝወዝ ካደረገ ባለጋሪው ያልፋል፤ ባለጋሪው ጅራፉን ዝቅ ካደረገ ሹፌሩ ያልፋል። የትም አልተጻፈም፣ ሁሉም ግን ያውቀዋል። ሰሎሜም የአምቦ ልጅ ናትና አሳምራ ታውቀዋለች።

"ምን ሆነው ነው የማይሄዱት?"

"እጅሽ አልታያቸው ይሆናል" አለች ከጎኗ የተቀመጠችው ዱሬቲ። በአንድ ትምህርት ቤት አብረው የሚያስተምሩ ጓደኛሞች ናቸው። "በዚህ ጥቁር መስታወት ምን ይታያል? ስንቴ ነገርኩሽ!"

"ዱሬ፣ ፊዚክስ የማስተምረው እኔ ነኝ። በስልኬ ለክቼዋለሁ። ከመቶ አርባ እጁን ብርሃን ያስገባል፤ ለዓይን ከበቂ በላይ ነው። ያቺን ቀይ ዶሮ አየሻት? እኔም አየኋት።"

ሰሎሜ ስትናገር እንዲህ ናት፤ ቁጥር ይዛ ከመጣች የሚረታት የለም። የፊቱን ሳይቀር መስታወቱን ሁሉ ያስጠቆረችው ግን ከብርሃን ጋር ጉዳይ ኖሯት አልነበረም። መንጃ ፈቃድ ባወጣች ሰሞን አምቦ መናኸሪያ ፊት ለፊት ሞተሩ ሦስት ጊዜ ጠፍቶባት፣ የገዛ ተማሪዎቿ ዳር ቆመው አጨብጭበውላት ነበር። በማግስቱ ክፍል ስትገባ አንዱ ከኋላ "ክላች!" አለ። በጣም አፈረች። በሳምንቱ ነጯ ኮሮላ ጥቁር መነጽሯን አድርጋ ከተማውን ዞረች፤ ያን ቀን ሰሎሜ መሪ ይዛ እስክትዘፍን ድረስ ነፃ ወጣች።

"አሁንስ በቃኝ" ብላ ነዳጅ ሰጠች። ባለጋሪውም በዚያችው ቅጽበት መታገሱ በቅቷቸው ኖሮ ጅራፋቸውን አነሡ።

የመኪናዋ አፍንጫ የጋሪውን ጎማ መታው። ፈረሱ በጉልበቱ ወደቀ፤ የድንቹ ጆንያ ተዘረገፈ። ሰው ወዲያው ከበበ። ወደ መኪናዋ የመጣ ግን አልነበረም፤ ጥቁር መስታወት የባለሥልጣን ይመስላል፣ ማን ደፍሮ ያንኳኳል? ጩኸቱ ሁሉ ሽማግሌው ባለጋሪ ላይ ወረደ።

"ኦቦ ዋቅቶላ፣ ምን ነካዎት? መኪና አይታይዎትም?"

"ሁልጊዜ የሚያጠፋው ጋሪ ነው!" አለ አንድ ባለባጃጅ።

"ያ ዋቃዮ፣ ያምላክ ያለህ!" ሽማግሌው የፈረሱን ጉልበት በሁለት እጃቸው ይዘዋል። "ቆሞ ነበር'ኮ! ባይ፣ ባይ ሹፌር የለም። ሰው የሌለበት መኪና መሰለኝ። እኔ በዚህ ፈረስ ነው ሠርቼ የማድረው፣ እናንተ ሰዎች!"

የሰሎሜ እጅ መሪው ላይ ደርቆ ቀረ። ያን ሁሉ ጊዜ ያወዛወዘችው እጅ የሚታየው ለእሷ ብቻ ነበር። ለክታለች፣ አዎ፤ የለካችው ግን ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። አንድ ቀን እንኳ ውጭ ቆማ ወደ ውስጥ አላየችም። የፊዚክስ አስተማሪ! በራሷ ተናደደች።

"ዞር በሉ፣ መኪናው ይለፍ!" አለ ባለባጃጁ። ሰዉም መንገዱን ከፈተላት።

"ሂጂ" አለች ዱሬቲ በሹክሹክታ። "ጥፋቱን እሳቸው ላይ አድርገውታል። ማን መሆንሽን ያወቀ የለም።"

"ፈረሱስ?"

"ተነሥቷል፣ አታዪም? ነገ ክፍል ውስጥ የሚሉሽን አስቢ። ሞተር ጠፋባት ብለው ያን ያህል የሳቁብሽ፣ ሽማግሌ ገጨች ሲባል ምን ሊሉ ነው?"

ፈረሱ ተነሥቷል። የቀኝ እግሩን ግን መሬት አያስነካም። ኦቦ ዋቅቶላ አንገቱን እየዳበሱ በኦሮምኛ ያባብሉታል፤ ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል። ለአንድ አፍታ የሰሎሜ እግር ነዳጁ ላይ ነበር፤ ይህን በኋላም አትክደውም።

የጎኗን መስታወት እስከ ታች አወረደችው። አቧራውና ጩኸቱ በአንድነት ገቡ።

"እሳቸውን ተዉአቸው!" ድምፅዋ ክፍል ውስጥ እንደሚወጣው ጥርት ብሎ ወጣ። "ጥፋቱ የእኔ ነው። ይለፉ ብዬ ምልክት ሰጥቼ፣ መልሼ የገባሁባቸው እኔ ነኝ። የእንስሳት ሐኪም ጥሩልኝ፤ ፈረሱ ሳይታከም አልሄድም።"

ኦቦ ዋቅቶላ ቀና ብለው አዩዋት።

"ሰው አለበት ለካ" አሉ።

ጎመን የታቀፈች ሴት ከመሐል አንገቷን አሰገገች። "ውይ! አንቺ የልጄ አስተማሪ አይደለሽም እንዴ? አምቦ ፊዚክስ የምታስተምሪው፣ ቲቸር ሰሎሜ?"

ዱሬቲ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች።

"ነኝ" አለች ሰሎሜ፤ ቁልፉን ነቅላ ከመኪናው ወረደች።