ሮዌና ያልጻፈችው ስንኝ

ሮዌና ስቲድሃም ጊታሯን አንግታ፣ የራሷን ዘፈን እየጻፈች በየከተማው መዞር ከጀመረች ሠላሳ ዓመት አልፏታል። በየቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ፣ በየማዕድን ሠራተኞች ማኅበር ቤት፣ በየባዛሩ ዘፍናለች። አልበም በአልበም ላይ አውጥታለች። ሰው የሚያውቅላት ግን አንድ ዘፈን ብቻ ነው። እሱንም አበላሽቶ!

ዘፈኑ ባሏ ያስመረራት ሴት ከቤት ስለወጣችበት ቀን ነው። ሮዌና የጻፈችው መጨረሻ ይህ ነበር፦

የግድግዳውን ሰዓት ደረቷ ላይ ታቅፋ፣
ድልድዩን ተሻገረች አንገቷን ሳትደፋ።

አለቀ። ሴትዮዋ ሄደች፣ በዚያው ቀረች። ይሁንና ዘፈኑ ከኬንታኪ ተራሮች ወርዶ አገር ሲያዳርስ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ስንኝ ተለጥፎበት ተገኘ፦

በሳምንቱ መጣች ሰዓቷን አዝላ፣
«በል እንካ ስቀለው፣ ራት እንብላ» ብላ።

አንዲት ስመ ጥር ዘፋኝ ከነቅጥያው በሸክላ አስቀረጸችው። የሸክላው ልባስ ላይም «የጥንት የሕዝብ ዘፈን» ተብሎ ተጻፈ። ከዚያ ወዲህ ሮዌና የገዛ ዘፈኗን በዘፈነች ቁጥር «ተሳስተሻል» የሚላት አላጣችም። አንድ ጢማም ጎልማሳ እንዲያውም መድረክ ድረስ ወጥቶ «አያቴ እንዲህ አልነበረም የምትዘፍነው» ብሎ በጆሮዋ ሹክ ብሏታል። «አያትህ ከማን የሰማችው ይመስልሃል?» ልትለው ብላ ተወችው።

በሐምሌ፣ የትውልድ መንደሯ ሰዎች ለቤተ ክርስቲያኑ ባዛር ጠሯት። ታናሽ ወንድሟ ኤመሪ መኪናውን ይነዳል፤ አሮጊቷ እናታቸው እማማ ቨርዲ ከኋላ ተቀምጠዋል።

«ዛሬ እንኳ እንደፈለጉ ይዝፈኑት፣ ተያቸው» አለ ኤመሪ።

«ለምን እተዋለሁ? ያንተ መኪና ላይ ሰው መጥቶ አምስተኛ ጎማ ቢገጥምበት ዝም ትላለህ?»

«ከሄደልኝ ምን ቸገረኝ።»

እማማ ቨርዲ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ሮዌና መድረክ ላይ ወጥታ አዳዲሶቹን ዘፈኖች አሰማች። ሕዝቡ ባቄላውንና የበቆሎ ዳቦውን እየበላ ለይሉኝታ ያህል አጨበጨበ። ከዚያ «ሰዓቷን! ሰዓቷን!» የሚል ጩኸት ተነሣ። እያንገሸገሻት ጀመረች። ድልድዩ ጋ ደርሳ ልታቆም ስትል፣ ሜዳው ሙሉ ሰው ብድግ ብሎ «በሳምንቱ መጣች!» ሲል አስተጋባ።

የጊታሩን ክሮች በመዳፏ መትታ ዝም አሰኘቻቸው።

«ቆይ! ቆይ እስቲ! ዘፈኑን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሴትዮዋ አልተመለሰችም። ሄደች! ሄ-ደ-ች!»

ሕዝቡ የትርኢቱ አካል መስሎት በሳቅ ፈነዳ።

«ተመልሳለች እንጂ!» አለ ባቄላ የሚጨልፈው ሰውዬ፣ ጭልፋውን እያወዛወዘ።

«አንተ ምን ታውቃለህ? እዚያ ነበርክ?»

«እኔ ነበርኩ» የሚል ድምፅ ከፊት ወንበር መጣ። እማማ ቨርዲ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

«እማ፣ በፈጠረሽ ተቀመጪ።»

«አልቀመጥም። ሰዓቱ የማን ነበር? የኔ። ባሉስ? የኔ፣ ነፍሱን ይማረውና። በሳምንቱ ተመልሻለሁ፤ እህቴ ቤት ሰዓት የሚሰቀልበት ሚስማር እንኳ አልነበረም። አንቺ ድልድይ ላይ ገትረሽኝ ቀረሽ። ከሩቅ የመጣ ሁሉ ‹ባሏን ጥላ የሄደችው› እያለ ያዝንልኛል፣ ባሌ አጠገቤ ቆሞ! ስለዚህ ያችን ስንኝ እኔው ጨመርኳት። ለመዘምራኑ አስጠናኋቸው፣ እነሱም ለየዘመዶቻቸው።»

 የሮዌና ደም ፈላ።

«መመለስሽንማ መች አጣሁት! አባዬ ሲጮህብሽ እየሰማሁ አይደል ያደግኩት? ዘፈኑ ውስጥ እንኳ ነፃ ትውጣ ብዬ ነው!»

«ማን ነፃ አውጪኝ አለሽ?»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከማላውቀው ሰው ሁሉ ጋር ስጨቃጨቅ፣ አንቺ ዝም ብለሽ ታዳምጪኛለሽ?»

«ምን ልበል? ጥሩ ስንኝ ናት። ካንቺው አታንስም» አሉና ተቀመጡ።

ሮዌናን ይበልጥ ያንገበገባት ይኸው ነበር። ስንኟ እውነትም ጥሩ ናት፤ ቤት ትመታለች፣ ለአፍም ትጥማለች። በመልሱ ጉዞ ኤመሪ እንባው እስኪፈስ ሲስቅ፣ መኪናውን አስቁማ በእግሯ ልትሄድ ምንም አልቀራትም።

እማማ ቨርዲን ማሸነፍ እንደማይቻል ስለምታውቅ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ መከራከሩን ትታለች። ድልድዩ ጋ ስትደርስ እጇን ከጊታሩ ላይ ታነሣና የውሃ ብርጭቆዋን ትይዛለች። ሕዝቡ ሴትዮዋን እየጮኸ ወደ ቤቷ ይመልሳታል፣ ያውም ከቅኝቱ ወጥቶ። ሮዌና ጥርሷን ነክሳ እስኪጨርሱ ትጠብቃለች። ውሃው ደግሞ ሁልጊዜ ለብ ያለ ነው።