ኮዱን የጻፈው ማን ነው?

ወልደየሱስ ጠዋት ኮሌጅ ይማራል፤ ከሰዓት በኋላ ኦቤትስ በሚባል ሰፈር ካለ መጋዘን ገብቶ ካርቶን ሲጭን ያመሻል። ዲቪ ደርሶት ከመጣ ጀምሮ ሐሳቡ አንድ ነው፤ ኮምፒውተር ሳይንስ በኮሚኒቲ ኮሌጅ ጀምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ ትራንስፈር ማድረግ። ዩኒቨርሲቲው ተቀብሎታል። የቀረው ይህችን ተርም በደህና መጨረስ ብቻ ነበር።

ክፍሉ ውስጥ ከእሱ ሌላ ሐበሻ ሳሌም ብቻ ናት። እዚሁ ያደገች፣ እንግሊዝኛው እንደ ውኃ የሚወርድላት ልጅ። ላይብረሪ አብረው ይቀመጣሉ፤ እሱ ኮዱን መስመር በመስመር ያስረዳታል፣ እሷ ኢሜይሉን ታርምለታለች።

የመጨረሻው ፕሮጀክት ሲቃረብ አባቷ ልባቸውን ታመው ሆስፒታል ገቡ።

«ወልዴ፣ ምንም አልሠራሁም። ያንተን ላክልኝ፣ ጀስት አይቼ የራሴን እጽፋለሁ» አለችው እያለቀሰች።

አንጀቱን በላችው፤ ላከላት። እሷ ግን ስሙን አጥፍታ፣ በራሷ ስም እንዳለ አስገባችው።

መምህሩ ሁለቱንም ቢሮ ጠራቸው። ሥራዎቹን ጎን ለጎን አሳይቶ «ማን ነው የጻፈው?» አለ።

ወልደየሱስ ሳሌምን አያት። አቀርቅራ ጫማዋን ታያለች።

«እኔ ነኝ» አለ።

«እሺ፣ ይሄ ክፍል ምን እንደሚሠራ አስረዳኝ።»

አብጠርጥሮ ያውቀዋል። ያወቀው ግን በአማርኛ ነው፤ ሲያስበውም፣ ለሳሌም ሲያስረዳትም በአማርኛ ነበር። አፉን ሲከፍት እንግሊዝኛው ከየት ይምጣ! «ዚስ... ኢት ጎ...» ብሎ ተንተባተበ። መምህሩ ትንሽ ጠብቆት ወደ ሳሌም ዞረ።

እሷም አስረዳች። እሱ የነገራትን ሁሉ፣ የሰጣት ምሳሌ እንኳ ሳይቀር፣ በጠራ እንግሊዝኛ አንበለበለችው። ወልደየሱስ የገዛ ሐሳቡን ከሰው አፍ ሲሰማ ለካ ያምራል አለ በልቡ። አሁን «የጻፈው እሱ ነው» ትላለች ብሎ ጠበቀ። አላለችም።

ሳሌም ሥራዋን ለሌላ አሳይታለች ተብላ በማስጠንቀቂያ ታለፈች። እሱ ኮፒ አድርጓል ተብሎ ኮርሱን ወደቀ፤ ዩኒቨርሲቲውም ቅበላውን ሰረዘው። ይግባኝ በል ያሉት ነበሩ። እዚያው ቢሮ ተቀምጦ ምላሱ እንደገና ሲተሳሰር ታየውና ተወው።

በመስከረም ሳሌም ዩኒቨርሲቲ ገባች።

አንድ እሁድ ሞርስ ሮድ ላይ ካለ ሱቅ በር ላይ ተገናኙ። አባቷ አብረዋት ነበሩ፤ ድነዋል፣ ግን ልብሳቸው ሰፍቷቸዋል።

«አባዬ፣ ወልደየሱስ ነው። ኮሌጅ አብረን...» አለችና ድምፅዋ ተቆረጠ።

አባትየው እጁን በሁለት እጃቸው ያዙት። «እኔ ስታመም ያስጠናሃት አንተ ነህ? እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ! አንተስ የት ገባህ?»

ወልደየሱስ የሰውዬውን ፊት አየ። እውነቱን ሊነግራቸው ዳዳው። የሳሌም ዓይን እንባ አቅርሯል።

«ሥራ በዛብኝና አቋረጥኩት፣ ጋሼ።»

«አይዞህ፣ ቀስ ብለህ ትጨርሰዋለህ» አሉት።

ወደ መኪናው ሲሄድ ሳሌም እየሮጠች ደረሰችበት።

«ወልዴ፣ ፈርቼ ነው። ለመምህሩ ልነግረው ነበር፣ አይ ስዌር...»

«አውቃለሁ» አላት።

ሌላ ቃል ትጠብቅ ነበር። እሱም ሊላት ፈልጎ ነበር፤ ይቅር ብዬሻለሁ የሚለው ግን በአማርኛም ቢሆን አልወጣ አለው። በሩን ዘግቶ ሞተሩን አስነሳ። እሷ ፓርኪንጉ ላይ ቆማ ቀረች።