ያልታሰረው ጭነት

ሳጅን ጊልዶ በጭነት አውሮፕላኑ በሄርኩለስ ሆድ ውስጥ የሚጫነውን ሁሉ በገዛ እጁ ካላሰረ እረፍት የለውም። ሩዝ፣ ጀነሬተር፣ ጂፕ፣ አንድ ጊዜም የጄኔራል ፒያኖ አስሮ ባሕር አሻግሯል። «ከኔ አውሮፕላን ያለ ፈቃዴ ዝንብ አይወርድም» ማለት ይወዳል። እንዲህ ልቡ ያበጠ ሰው ሲዋረድ ማየት ደስ ይላል፤ በተለይ እሱው ራሱ እየሳቀ ሲያወራው።

አርብ ዕለት አውሎ ነፋስ ወደ መታው ደሴት ሩዝ ሊጥሉ በረሩ። በማግስቱ የልጁ የዳሊሳይ ሠርግ ነው። ልደቷም ምረቃዋም እሱ አየር ላይ እያለ አልፈዋል፤ ለሠርጓ ግን ንግግር አደርጋለሁ ብሎ ቃል ገብቶላታል። ሙሽራው ኤልሚር የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ጊልዶ መጀመሪያ ሰሞን «ይሄ ደግሞ ምን ሊያበላሽ ነው?» ብሎ ነበር፤ ኋላ ልጁን ወደደው፣ መውደዱን መናገር ግን ረሳ።

የጅራቱ በር ተከፈተ። ጊልዶ የወገቡን ቀበቶ አጥብቆ ጠርዙ ላይ ቆመ። አረንጓዴው መብራት ሲበራ አፉን እስከ ጥግ ከፍቶ «ልቀቅ!» ብሎ ጮኸ። ሳጥኖቹ ተንሸራተው ወጡ። የላይኛው ሰው ሠራሽ ጥርሱም ተከትሏቸው ወጣ።

«ጊልዶ፣ ጭነቱ ወረደ?» አለች አብራሪዋ ሻምበል ሎርና በጆሮ ማዳመጫው።

«ሻጥኖቹ ሁሉ ወርደዋል፣ ሻምበል!»

«ሻጥን ደግሞ ምንድን ነው? እኔ ያስጫንኩት ሩዝ ነው።»

አዲስ ጥርስ ለማሠራት ሳምንት ይፈጃል ተባለ። ስለዚህ ጊልዶ አፉን ገጥሞ ሊውል ወሰነ፤ በሠርግ ቀን መሳቂያ ከመሆን ኩሩ መምሰል ይሻላል ብሎ። ሠርጉ ላይ ሙሉ የአሳማ ጥብስ ፊቱ ቀርቦ ሾርባ ብቻ ጠጣ። ሰው እንደ ሠርጉ ወግ ብርጭቆውን በማንኪያ እየመታ ሙሽሮቹን ሲያሳስም እሱ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ፎቶ ላይ ግብር የተጣለበት ነጋዴ መሰለ።

ዳሊሳይ ቀሚሷን ሰብስባ መጣች። «አባዬ፣ አሁንም ኤልሚርን ጠልተኸዋል?»

ጊልዶ ራሱን ነቀነቀ።

«እሱ ምን ማለት ነው? ዛሬ እንኳ አታናግረኝም?» ዓይኗ እንባ ሞላ።

ኩራቱ እዚያው ላይ አለቀ። ሄዶ ማይክሮፎኑን ያዘ።

«ዳሊሻይ፣ ዝም ያልኩት ኤልሚርን ሽለጠላሁት አይደለም። በጣም እወደዋለሁ። ትናንት ጥርሼ ከሩዙ ጋር ወርዶ ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ኤልሚር ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ዳሊሳይ እንባዋን በእጇ እየጠረገች ሳቀች።

«ሩዙን ሁሉ አስረህ ጥርስህን ረሳኸው?»

«ሩዝ ሻሽር ብዙ ነገር ረሻሁ» አለ ጊልዶ። «አንቺንም ረሽቼሻለሁ፣ ልጄ።»

ሳቋ ቆመ። ተጠመጠመችበትና ብዙ ሳትለቀው ቆየች። ከዚያ ወደ ፎቶ አንሺው ዞራ ተጣራች።

«ና፣ እንደገና አንሳን! አባዬ፣ አሁን አፍህን ክፈት።»

ጊልዶ እስከ ጥግ ከፈተው።