ሚሎ ያላየው ግቢ

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሥጋው ገና ከምድጃው ሳይወጣ፣ ሚሎ ስለ እህቱ ገንዘብ ማውራት ጀመረ። አርዴል ሟች ባሏ የተወላትን የበቆሎ መሬት በቅርቡ ሸጣለች። ሌላ ጥሪት የላትም። ታላቅ ወንድሟ ግን ገንዘቡን አንድም ሳታስቀር ከፕላት ወንዝ ማዶ ባለው የቆርቆሮ ጎተራ ፋብሪካ አክሲዮን ላይ እንድታውለው ይፈልጋል።

ልጇ ጃኔል ድንቹን እየላጠች ጥርሷን ነከሰች። ከውጭ አገር ትምህርቷ ተመልሳ እናቷ ቤት ከገባች ወዲህ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አጎቷ ፊት ተቀምጣ ስትማር ቆይታለች። ጥሩ አስተማሪ ነበር፤ የሚያንገበግባትም ይኸው ነው። አክሲዮን የቁማር ወረቀት ሳይሆን የአንድ ድርጅት ቁራሽ መሆኑን የነገራት እሱ ነው። ገበያው የሚጠራው ዋጋና ነገሩ የሚያወጣው ዋጋ ለየቅል እንደሆኑ፣ ከሚያወጣው እጅግ አንሶ ካላገኘችው እንዳትገዛ፣ ብትሳሳት እንኳ ያ ልዩነት እንደሚያተርፋት ያስተማራትም እሱ። በሚኖሩባት ግዛት በነብራስካ በዚህ መንገድ ያለፈለት ሰው ወሬ የማይወራበት ፀጉር ቤት የለም፤ ሚሎ ያንን ወሬ ሲሰማ ያረጀ ነው። የየቀኑን ዋጋ ማየት እንደ ነውር ይቆጥረዋል። ቀድሞ ለራሱ የገዛው የጎተራው ፋብሪካ አክሲዮን ወርዶ ወርዶ ግማሽ ሲሆን «ጭራሽ ረከሰልኝ!» ብሎ እጁን እያፋተገ ጨመረበት።

«ግቢው ውስጥ የተከማቸው ዕቃ ብቻውን አክሲዮኑ በሙሉ ከሚጠራው ዋጋ ይበልጣል» አለ። «ፋብሪካው በነፃ ነው ማለት ነው፣ አርዴል! በነፃ!»

«ዕቃውን አይተኸዋል?» አለች ጃኔል።

«ሪፖርቱን አንብቤያለሁ።»

«ዕቃውን ነው ያልኩህ፣ አጎቴ።»

«ኩባንያ እንደ ጊደር ጥርሱ እየታየ ነው እንዴ የሚገዛው?»

«አባቴ ጥርሷን ሳያይ ገዝቶ አያውቅም። አንተ ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው የያዝከው!»

«ጃኔል!» አለች እናቷ።

ጃኔል ምድጃውን አጥፍታ የመኪናውን ቁልፍ አነሳች። «ተነሱ። ሁለታችሁም።»

ጃኔል እየነዳች የወንዙን ድልድይ ተሻገሩ። ሚሎ ከኋላ ተቀምጦ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ ያሽከረክራል። የፋብሪካው በር ዝግ ነበር፤ ግቢው ግን የታጠረው በሽቦ በመሆኑ ከመንገድ ዳር ወለል ብሎ ይታያል። የጎተራ ቆርቆሮ ተደራርቦ ተራራ አክሏል። በየመካከሉ አረም በቅሎ፣ አንዳንዱ ዝጎ፣ አንዳንዱ ላይ ወፍ ጎጆ ሠርታበት።

ሦስቱም ወረዱ፤ አርዴል አጥሩን ይዛ ወደ ውስጥ አየች። «እነዚህ እኮ ትንንሾቹ ናቸው፣ እኛ ጓሮ የነበረው ዓይነት» አለች። «መሬታችንን የገዛው ሰውዬ መጀመሪያ ያደረገው ነገር የኛን ማፍረስ ነው። ዛሬ ማን ገበሬ በዚህ ይሠራል?»

«ብረት ነው» አለ ሚሎ። «በኪሎ ቢሸጥ እንኳ...»

«ሪፖርቱ ላይ እኮ እንደ አዲስ ጎተራ ነው የተቆጠረው!» ጃኔል ጮኸች። «ዋጋውን አትዪ አልከኝ፣ እሺ፤ አንተ ግን ነገሩንም አላየህም! ከቤትህ በመኪና ሩብ ሰዓት! ትዕግሥት የምትለው ይኼን ነው? ይኼ ስንፍና ነው!»

«አሁን ከሸጥኩ ኪሳራው እውነት ይሆናል።»

«እውነት ከሆነ ቆየ!»

«በቃ!» አርዴል ወደ ወንድሟ ዞረች። «ሚሎ፣ አንድም አክሲዮን ባይኖርህ ኖሮ፣ ይኼን ዛሬ አይተህ ትገዛ ነበር?»

ሚሎ ፊቱን ከአጥሩ አዞረ። ነፋሱ አንዱን ቆርቆሮ ያንኳኳል። ቀይ ፊቱ እየገረጣ ሄደ።

«እንግዲያው የኔ ገንዘብ እዚህ አይገባም» አለች አርዴል።

ጃኔል እፎይ ብላ ወደ እናቷ እጇን ዘረጋች። አርዴል እጇን ገፋችው።

«አንቺም እንዳትነኪኝ። እውነትሽን ነው። ግን ያሳደገኝን ሰው መንገድ ዳር አቁመሽ መስደብሽን አልረሳልሽም። ለብቻው ብትነግሪው ምን ነበረበት?»

«ለብቻው ሦስት ቅዳሜ ነገርኩት፣ እማ! ሦስት ቅዳሜ! ሳቀብኝ!»

አርዴል ሚሎን ክንዱን ይዛ ወደ መኪናው መለሰችው። የኋላውን በር ከፍታ ወንድሟ አጠገብ ተቀመጠች፤ የፊተኛው ወንበር ባዶውን ቀረ። ጃኔል መሪው ጋ ገብታ በሩን አላትማ ዘጋች። በመስታወቱ ስታይ እናቷ የሚሎን ኮፍያ ከእጁ ወስዳ አቧራውን እያራገፈችለት ነበር።

«ንጂ እንጂ» አለች አርዴል፣ ቀና ሳትል።