የዘንባባው እጣቢ

ቲዩርማ በዘንባባ ዘይት ፋብሪካው ዓመታት የለፋችበት ሥራ በመጨረሻ ሰመረላት። ፍሬው ለዘይት ተለቅሞ የሚቀረው ባዶ የዘንባባ ዘለላ ለማገዶ አይሆንም ነበር። ውሃ ይቋጥራል፣ ጨው ይበዛዋል፤ ሲነድም አመዱ እየቀለጠ የእንፋሎት ማፍያውን ቦይለር ቧንቧዎች ይለብጣቸዋል። እሷ ዘለላውን በታሸገ የብረት ጋን ውስጥ ከውሃ ጋር አድርጋ፣ በግፊትና ብዙም ባልበረታ ሙቀት ቀቀለችው። ጨዉ ከውሃው ጋር ወጣ። የቀረው ቡናማ፣ በጣት የሚፈረካከስ፣ ከሰል የሚያስንቅ ማገዶ ሆነ።

ጣጣው እጣቢው ነበር፤ ጥቁርና ኮምጣጣ ውሃ። የሱማትራ ደሴት ዝናብ ሲያባራ አያውቅምና ማጠራቀሚያው ገንዳ እስከ አፉ ሞላ። ይህ የሆነው ማገዶውን ሊገዙ ያሰቡ ጃፓናውያን ነጋዴዎች ፋብሪካውን ሊጎበኙ በተቃረቡበት ሰሞን ነው። ሥራ አስኪያጁ ሃሱዱንጋን ገንዳው ሞልቶ እንዳያዩት አስጠነቀቃት። እንዴት እንደሚጎድል አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችም። ራሷ ሄዳ ቧንቧውን ወደ ወንዙ ከፈተችው።

ወንዙ ከመንደሩ የዓሣ ኩሬዎች ሁሉ አስቀድሞ የሚገባው ወደ አባቷ ወደ ማንጋሲ ኩሬ ነበር። በማግስቱ የሽማግሌው አምባዛዎች ሆዳቸውን ሽቅብ ሰጥተው ተንሳፈፉ። ቀጥሎ የጎረቤቶቹም አለቁ።

ማንጋሲ የሞተ ዓሣ በባልዲ ይዞ ፋብሪካው በር ድረስ መጣ።

«ቲዩር፣ ውሃው ጠቁሯል። ከናንተ ይሆን እንዴ?»

«ከኛ አይደለም አባባ። ጥቁረቱ ዝናብ ያጠበው ቅጠል ነው። ባለፈው ከገበያ ያመጧቸው ትንንሾቹ ዓሦች ግን በሽታ ሳይኖርባቸው አይቀርም።»

አመናት። ልጁ ናት፤ የተማረች ናት። ሐቀኛ ሰው ስለነበር በየጎረቤቱ እየዞረ ጥፋቱ የእሱ መሆኑን ተናገረ። ይቅር የሚሉት መስሎት ነበር። እነሱ ግን ስብሰባ ጠሩበት፤ የመንደሩ ሹምም ቲዩርማን አስነስቶ ጠየቃት። እሷም በሽታ ከኩሬ ኩሬ እንዴት እንደሚተላለፍ አሳምራ አስረዳች። አባቷ በኩራት አንገቱን ይነቀንቅ ነበር።

«እኔ እንዲህ አድርጌ ማስረዳት አልችልም» አለ አጠገቡ ለተቀመጠው ሰው። ሰውየው ተነስቶ ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲያ በሠርግ ሲታረድ ለክብሩ የሚገባውን የሥጋ ድርሻ ነፈጉት። ኩሬውንም በአፈር ደፈኑበት። ጃፓናውያኑ ነጋዴዎች የማገዶውን ግዢ ውል ፈረሙ፤ ቲዩርማ የማገዶ ክፍሉ ኃላፊ ሆነች። ማንጋሲ የሚበላው ሲያጣ ሥራ ለመናት። ዘለላ ተሸካሚ አድርጋ ቀጠረችው።

አንድ ቀን ሃሱዱንጋን ሊጎበኝ መጣ። ሽማግሌው አባቷ መሆኑን ሲሰማ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

«ጀግና ነው የወለዱት አባት። ያን ጊዜ ገንዳውን ወንዝ ውስጥ ባትደፋልን ኖሮ ዛሬ ሁላችንም ሥራ አጥ ነበርን።»

ማንጋሲ ሸክሙን መሬት አስቀመጠ። ሥራ አስኪያጁ እስኪርቅ ጠበቀና ወደ ልጁ ዞረ።

«ለማንም አልናገርም» አላት። «እኔን እንዳደረጉኝ አንቺንም እንዲያደርጉሽ አልፈልግም።»

መልሶ ተሸክሞ ሄደ። ቲዩርማ እፎይ አለች። በሳምንቱ የመንደሩ ሰው ወደማይደርስበት የሩቅ እርሻ አዛወረችው፤ ምናልባት ሐሳቡን ቢለውጥ የሚነግረው እንዳያገኝ።